የአሮጌ ጂፕ ወለል ለምን ይሰነጠቃል?

ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮተርዳም ውስጥ ኔካፍ የተባለ ፋብሪካ የአሜሪካውን ኤም38ኤ1 ጂፕ ለኔዘርላንድ ጦር ይገጣጥም ነበር። ጂፑም በፋብሪካው ስም ኔካፍ ተብሎ ቀረ። ከጦሩ ወጥተው በአሮጌ መኪና ወዳዶች እጅ የገቡ ዛሬም አሉ። ሞተር መለዋወጫ ይፈለግለታል፤ ራስ የሚያዞረው ወለሉ ነው።

ወንበሩን ፈትተው ቢያዩ ከብሎኑ ቀዳዳ ጠርዝ የተነሣ ቀጭን ስንጥቅ ሊያገኙ ይችላሉ። ብዙ ሰው ወዲያው ወደ በያጅ ይሮጣል። መጀመሪያ ግን ላሜራው ለምን እዚያው ላይ እንደተሰነጠቀ ማወቅ ይበጃል።

ብረት ከአቅሙ በታች የሆነ ጫናም ቢደጋገምበት ይደክማል። ኮረኮንች ላይ ወለሉ ያለማቋረጥ ይወጠራል፣ ይረግባል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኢንግሊስ በ1913 እንዳሰላው፣ በሚሳብ ላሜራ ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ ጠርዙ ላይ ውጥረቱን 3 እጥፍ ያደርገዋል። ከሚሳብበት አቅጣጫ አግድም የተጋደመ፣ ርዝመቱ የስፋቱን 10 እጥፍ የሆነ ሞላላ ቀዳዳ ደግሞ ጫፉ ላይ 21 እጥፍ! ስንጥቅ ከዚያም የሾለ ስለሆነ ራሱ መንገዱን እየቀደደ ይሄዳል። ላሜራ ሠሪዎች ስንጥቁ ካለቀበት ጫፍ ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ የሚበሱት ለዚህ ነው። የተቀደደን ነገር መልሶ መብሳት እብደት ቢመስልም፣ ሹሉ ጫፍ ክብ ሲሆን ውጥረቱ ይቀንሳል።

ኔዘርላንድ ውስጥ ደግሞ ጨው አለ። በክረምት ከአምስተርዳም እስከ ሮተርዳም በረዶ እንዳይጋገር መንገዱ ላይ ጨው ይነሰነሳል፤ ዘ ሄግ በስኬቬኒንገን በኩል ባሕሩ ደጇ ነው። ብረት ለመዛግ ውኃና ኦክስጅን ይበቁታል፤ ጨው ውኃው ኤሌክትሪክ በደንብ እንዲያስተላልፍ ስለሚያደርግ ነገሩን ያፈጥነዋል። ዝገት ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ በተደራረቡ ላሜራዎች መሃል ሲገባ እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቃቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ጂፖች ላይ በወለሉ ሥር ባለው ማጠናከሪያ ውስጥ እንጨት ይገባ ነበር፤ እርጥበት ይዞ ላሜራውን ከሥር ይበላዋል፣ ከላይ ምንም ሳይታይ።

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ባለሙያ ስንጥቁን ሁሉ በኮረኮንች ቢያመካኝ አይፈረድበትም። ኔዘርላንድ ውስጥ ግን ዝገትም ስላለ አስቀድሞ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል፣ አንዳንዴም እዚያው ይበሳል።

የተበላው እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ተቆርጦ ይውጣ። ምትኩ ውፍረቱ እኩል ይሁን፤ 1 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ላሜራ ላይ ወፍራም ብረት ቢለጠፍ ስንጥቁ ወደ ዳር ይዛወራል። ማዕዘኑም ይክበብ፤ የኢንግሊስ ሒሳብ እዚህም ይሠራል። ብየዳው አንድ ጊዜ ከተሳበ ላሜራው ይጣመማል። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ ማዶ፣ በመሃል እያቀዘቀዙ ነው። ባትሪው አስቀድሞ ይፈታ፤ ከሥር የሚያልፉት የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ከእሳቱ ይራቁ። ስቱኮ መልክ እንጂ ጉልበት የለውም።

በኔዘርላንድ ሕግ 50 ዓመት የሞላው የቤት መኪና አ-ፔ-ካ የሚባለውን የቴክኒክ ምርመራ እንዲያልፍ አይገደድም። ስለዚህ ወለሉን አይቶ «ይህ አይነዳም» የሚልዎት መርማሪ ላይኖር ይችላል፤ ክረምቱ ሳይገባ ከሥሩ ገብተው ራስዎ ይመልከቱት።