የወደቀ በራሪ ስሙ የት ይጻፋል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ፣ አጣዬንና ሰንበቴን አልፎ ከሚሴ የሚገባው፣ ከዚያም በሐርቡ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚዘልቀው መንገድ፣ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ ወደ ደሴ የገሠገሠበት ነው። ብርጌዱ በብርጋዴር ዳን ፒናር አዛዥነት፣ በኮምቦልቻ መተላለፊያ ላይ ከመሸገው የጣሊያን ጦር ጋር ለቀናት ተታኮሰ፤ አርበኞችም አብረው ተዋጉ፤ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ተያዘች። የእግረኛው ጉዞ ተደጋግሞ ተጽፏል። በዚያው ዘመቻ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ በርረው ሳይመለሱ ስለቀሩት ግን ብዙ አይወራም። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ከነበሩት ቦምብ ጣዮች አንዱ ዩንከርስ 86 ነው፤ ጀርመን ሠራሽ ሆኖ ከጦርነቱ በፊት መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ቦምብ እንዲጭን የተደረገ አውሮፕላን። ባለአንድ ሞተሩ ፌሪ ባትል ደግሞ ሦስት ሰው ይይዝ ነበር፦ ከፊት አብራሪው፣ መሐል ላይ አቅጣጫ የሚመራውና ቦምቡን የሚጥለው፣ ከኋላ መትረየስ ተኳሹ። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ሲመታ ብዙ ጊዜ ሦስቱም አብረው ያልቃሉ። አገራቸው ሩቅ ነው፤ ለቅሶውም ያለ ሬሳ ነው። ስማቸው የት ተጻፈ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ ተቋም ያገኛል። ከዚህ ተቋም አሠራር እኛም ለራሳችን ሟቾች ልንወስደው የሚገባ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

ተቋሙ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1917 በንጉሣዊ ቻርተር ተመሠረተ። ጠንሳሹ ፋቢያን ዌር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ የቀይ መስቀል ተሽከርካሪ ጓድ ይመራ ነበር፤ ወታደሮች በየሜዳው ሲቀበሩ መቃብራቸውን የሚመዘግብ እንደሌለ አይቶ ምዝገባውን ራሱ ጀመረ። በሥራው መሠረት የሆኑት ሐሳቦች ጥቂት ናቸው። እያንዳንዱ ሟች በስሙ ይታወሳል፤ ድንጋዩ ዘላቂ ይሆናል፤ በጄኔራልና በተራ ወታደር፣ በዘርና በሃይማኖት ልዩነት አይደረግም። ሬሳም ወደ አገር ቤት አይመለስም፤ ገንዘብ ያለው ልጁን አስመጥቶ ሲቀብር የድሃው ልጅ ብቻውን እንዳይቀር ነው። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ብዙ እናቶችን አስለቅሷል፤ ሆኖም ያለ እርሱ እኩልነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀር ነበር።

በአዲስ አበባ የሚገኘው የጦር መቃብር በዚሁ ኮሚሽን ሥር ነው፤ በ1933ቱ ዘመቻ የወደቁ እግረኞችም በራሪዎችም አሉበት። የድንጋዩ ቁመት 81 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አናቱ በትንሹ ጎበጥ ይላል። በደቡብ አፍሪካዊው ድንጋይ ላይ ከላይ የአገሩ ምልክት የሆነው የስፕሪንግቦክ ሚዳቋ ራስ ተቀርጿል። ከሥሩ የመለያ ቁጥሩ፣ ማዕረጉ፣ ስሙና የሞተበት ቀን ይነበባሉ፤ ቤተሰብ ከፈለገ ደግሞ ግርጌው ላይ አጭር ቃል ያስጽፋል። በኮሚሽኑ መቃብሮች አንድ ላይ የሞቱ የአውሮፕላን ሠራተኞች ተለይተው ሊታወቁ ካልቻሉ ድንጋዮቻቸው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ከነጭራሹ ያልተገኘውም አይረሳም። በኢትዮጵያ ሰማይ ጠፍቶ የቀረ የኮመንዌልዝ በራሪ ስሙ ያለው ግብፅ ነው፤ ከ3,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎች በተጻፉበት የኤል አላሜን መታሰቢያ ላይ።

በወሎ ምድር ላይ ይህን ሲሰማ የሚቆጣ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል እንኳ አልማሩም፤ በዚያው ጦርነት የመርዝ ጢስ የዘነበውም ከአውሮፕላን ነው። ቦምብ ጣይን ማሰብ ለእኛ ምናችን ነው? የመጀመሪያው መልስ በ1933 የበረሩት የወራሪው ጠላት ነበሩ የሚል ነው። ይህ እውነት ቢሆንም አይበቃም፤ እነርሱም ቢሆኑ የተላኩት በቅድሚያ ለራሳቸው ግዛት ጥቅም ነው፤ ደቡብ አፍሪካም ያኔ ጥቁር ዜጋዋን የምትጨቁን አገር ነበረች። ዋናው መልስ ያለው ሟቹ በሚታሰብበት ስልት ላይ ነው። ጣሊያናዊው በራሪ ቲቶ ሚኒቲ በታኅሣሥ 1928 በደገሐቡር አካባቢ አርፎ ተገደለ፤ አሟሟቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፋሺስቶች ግን ሞቱን ወዲያው መሣሪያ አደረጉት። ከቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 20፣ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድንን የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሲደበድቡ በቀል ነው አሉ፤ ለሟቹ የወርቅ ሜዳይ ሰጡት፤ የሬጆ ካላብሪያ አየር ማረፊያም በስሙ ተጠራ። ይህ ሙገሳ ነው፤ ሙገሳ ደግሞ የሥራውን ክፋት ይሸፍናል። የአዲስ አበባው ድንጋይ የሚያሳየው ማን እንደሞተና መቼ እንደሞተ ነው። ጀግና ነው አይልም፤ ይቅር በሉልኝም አይልም። ፍርዱን ለአንባቢው ይተውለታል።

ኮሚሽኑ ራሱ እኩል አድርጓል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በተለይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት የአፍሪካና የእስያ ሰዎች ከ45,000 እስከ 54,000 የሚሆኑት እኩል ባልሆነ መንገድ እንደታሰቡ፣ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ደግሞ በስማቸው ወይም ጭራሹኑ እንዳልታሰቡ አምኗል። በምሥራቅ አፍሪካ ስንቅ ተሸክመው ያለቁት በዚህ ውስጥ አሉ። ይህ በደል ነው፤ የሚያለዝበው ቃል የለም። ሆኖም በደሉ ሊቆጠር የቻለው እያንዳንዱ በስሙ ይታወስ የሚለው መርሕ ተጽፎ፣ መዝገቡም ስለተያዘ ነው። መዝገብ ባልነበረበት አገር የጎደለው ስንት እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

የእኛም ልጆች በሰው አገር ወድቀዋል። የክብር ዘበኛው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቶ ከ120 በላይ ሰው አጥቷል። አስከሬናቸው ወደ አገር ቢመለስም፣ ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ40,896 ስሞች መካከል የእነርሱም ተቀርጿል። ኮሪያውያን የኢትዮጵያዊውን ስም እንዲጠብቁ የምንወድ ከሆነ፣ ከሩቅ መጥቶ እዚህ የሞተውን ሰው ድንጋይ መጠበቅ ለእኛም አይከብደንም።

አገር ቤት ለሞቱት ግን ገና ነን። የየካቲት 12 ሐውልት ግፉን በብርቱ ያሳያል፤ ሟቾቹን ግን በጅምላ ነው የሚያስበው። በከሚሴና በዙሪያዋ መቃብር ማስጌጥና መጻፍ በእስልምና የሚወደድ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ሀብታምም ድሃም በአንድ ዓይነት ከፈን የሚሸኝበት ሥርዓት እኩልነትን ከኮሚሽኑ ቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚስማማው ድንጋዩ ሳይሆን መዝገቡ ነው፤ ኮሚሽኑም ቢሆን ከድንጋዩ ጋር መዝገብ ይይዛል። በደዋ ጨፋ፣ በባቲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በአርጡማ ፉርሲና በደዌ ሐረዋ በየቀበሌው ያሉ ዕድሮችና መስጊዶች፣ አብያተ ክርስቲያናትም፣ ከ1928 እስከ 1933 የሞቱባቸውን አርበኛና ሰላማዊ ሰው ሊመዘግቡ ይችላሉ፦ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የሞተበት ቦታ፣ ቀኑ ከታወቀ ቀኑ፣ ታሪኩን የነገረው ሰው ማንነት። መዝገቡ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሁን፤ አንዱ ግልባጭ በወረዳው፣ አንዱ ከሚሴ ይቀመጥ። በዓይኑ ያየ ምስክር አልፏል፤ ከአባቱ የሰማው ግን ገና በሕይወት ስላለ፣ ጥያቄው ከእርሱ ቤት መጀመር ይችላል።