የ35 በመቶው ታሪፍ መርካቶ ሲደርስ

በኅዳር 2017 መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ምክንያቱ የግብር ሰብሳቢዎች የደረሰኝ ቁጥጥርና "ዕቃ ሊወረስ ነው" የሚለው ወሬ ነው። ያን ሰሞን ሁሉም ስለ ቸርቻሪው ሲያወራ ሰነበተ። እኔ ግን ጣጣው የሚጀምረው ከጉምሩክ ዲክላራሲዮን ነው ባይ ነኝ።

ታሪፉ 35 በመቶ የሆነ፣ ኤክሳይስ የማይነካው ዕቃ እንውሰድ። መድኑና ማጓጓዣው ተደምሮ ዋጋው 100 ብር ቢሆን ቀረጡ 35 ብር ነው። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በ135ቱ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ድምር ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጫናል፤ ሶሻል ዌልፌር የሚባለው 3 በመቶም አለ። በቅድሚያ የሚያዘውን የገቢ ግብር ሳንቆጥር ነጋዴው ወደ 74 ብር ይከፍላል። ተጨማሪ እሴት ታክሱን ማቀናነስ ይቻላል፣ ሽያጩ በደረሰኝ ከሆነ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከታሪፍ መጽሐፉ አንድ መስመር አልተቀየረም። ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ግን በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ቀረጥ የሚሰላው በብር ስለሆነ የዚያው ኮንቴይነር ቀረጥም አብሮ ወጣ። ታሪፍ ሳይጨመር ታሪፍ ተጨመረ ማለት ይቻላል።

እንዲህ ሲሆን ኢንቮይስ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ የማስጻፍ ፈተናው ይበረታል። 160 ብር የገዛውን 100 ብር ብሎ ያስገባ አስመጪ ትክክለኛውን የሽያጭ ዋጋ ደረሰኝ ላይ ቢያሰፍር ያላገኘው ትርፍ ይታይበታል። ስለዚህ ያለ ደረሰኝ ይሸጣል፤ ጅምላ ሻጩም ደረሰኝ የሌለውን ዕቃ ለቸርቻሪ ያስተላልፋል። ተቆጣጣሪው የሚመጣው የመጨረሻው ሰው በር ላይ ነው። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን እውነተኛ ኢንቮይስ ያቀረበው ነጋዴ ነው። ያው ተራ ውስጥ ዋጋ አሳንሶ ካስገባው ጋር ይወዳደራል፤ ጉምሩክ ደግሞ ዋጋውን ሳያምንበት ቀርቶ በተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ሊተምንበት ይችላል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ቅድሚያ የሚሰጠው በትክክል ለተከፈለው ዋጋ ነው፤ ሌሎቹ ዘዴዎች ተራቸውን ጠብቀው የሚመጡ ናቸው። የጉምሩክ ኮሚሽን የሚያመሳክርበትን ዋጋ ነጋዴው አስቀድሞ ቢያየው ግማሹ ክርክር የሚቀር ይመስለኛል።

ጠበቃውስ የት አለ? አገራችን የጥብቅና ድርጅት እንዲቋቋም የፈቀደችው በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው፤ ከዚያ በፊት ጠበቃ ፈቃዱን ይዞ ብቻውን ነበር የሚሠራው። ታክስ፣ ጉምሩክና የውጭ ምንዛሪ የሚያውቁ ባለሙያዎችን አንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰብ የተቻለው ገና ትናንት ነው። የመርካቶ አስመጪ አማካሪ ደግሞ ከጥንትም ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣለት ትራንዚተሩ ነው። (ልነቅፈው አይደለም፤ የታሪፍ መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ አለ።) ጠበቃ የሚጠራው የውሳኔ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ነው። ያኔ የሽያጭ ውሉ ላይ ዋጋው እንዴት እንደተጻፈ፣ ክፍያው በየትኛው ባንክ እንዳለፈ፣ ዕቃው በጥሬ ዕቃ ነው ወይስ ባለቀለት ምርት የታሪፍ ቁጥር መመደብ ያለበት የሚለው ሁሉ አልፏል። ይግባኙም ርካሽ አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሲወጣ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አቤት የሚል ሰው ካከራከረው ታክስ ግማሹን፣ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚሄድ ደግሞ 75 በመቶውን እንዲያስይዝ ደንግጓል። ገንዘቡ በሸቀጥ ተይዞ ላለ ነጋዴ ይህ ክርክሩን ከመነሻው መተው ነው። በእኔ ግምት ለምክር የሚከፈለው ብር ባንክ ውስጥ ኤልሲ ከመከፈቱ በፊት ቢወጣ ይሻላል።

በ2016 የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 ለአገር ውስጥ ሰዎች ብቻ ተከልሎ የቆየውን የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። እነዚህ ኩባንያዎች ገና ቢሮ ሳይከራዩ የሕግ ድርጅት ይቀጥራሉ፤ የሚወዳደሩትም ትራንዚተሩን ብቻ ይዞ ከሚመጣው የመርካቶ አስመጪ ጋር ነው።