የዶሮ ጥብስ በደጋ አገር፤ የቆዳው መቅላት የሥጋውን መብሰል አያረጋግጥም

ዶሮ በአገራችን የክብር ምግብ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ጾም ሲፈታ፣ የሩቅ እንግዳ ሲመጣ፣ ዐራስ ስትጠየቅ፣ በዐሥራ ሁለት ብልት ተገንጥሎ በወጥ ይቀርባል። ወጡ ከቁሌቱ ጀምሮ ለብዙ ሰዓት ሲንተከተክ ስለሚቆይ፣ ባልትና ያላቸው እናቶቻችን በሠሩት ዶሮ ወጥ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ይገኛል ብሎ የሚሠጋ የለም። በዘይት የሚጠበስ ዶሮ ግን ሌላ ነው። ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ቆዳው ወርቅ መስሎ ሲያምር ዐይን ይረካል፤ እጅም ወደ ሳሕኑ ይዘረጋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ በገሳይ፣ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ ይህ ያማረ መልክ ሊያታልል የሚችል መሆኑን ነው።

በዶሮ ጥብስ ከሚታወቁት አገሮች አንዷ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትገኘው ታይላንድ ናት። የአገሩ ሰዎች ጥብሱን «ጋይ ቶት» ይሉታል። ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ሥርና ቁንዶ በርበሬ በአንድነት ወቅጠው፣ ከዓሣና ከጨው ተብላልቶ በሚገኝ ፈሳሽ አጣፍጠው ሥጋውን ያሹበታል። በሩዝ ዱቄት ለብጠውም ይጠብሱታል። በደቡብ የምትገኘው ሀት ያይ የተባለችው ከተማ ደግሞ ተጠብሶ የደረቀ ቀጭን ሽንኩርት በሚነሰነስበት ጥብስ ዝነኛ ናት። ይህን ለመሥራት ከሩቅ የሚመጣ ነገር አያስፈልገንም። ሩዙ ከፎገራ ሜዳ ይመጣል፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንብላሉና የሐበሻ ሽንኩርቱ በገበያችን አለ፤ በዓሣው ፈሳሽ ፈንታ ጨው ይበቃል። የሩዝ ዱቄት እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር ስለሌለው ስስና ተሰባሪ ቅርፊት ያወጣል፤ ጥብሱ ሲነከስ ኩርሽም የሚለውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስም ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በእኛ ዘንድ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ቶሎ አልበስል የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ዘይት ግን በከፍታ ምክንያት አይበርድም፤ እሳቱ ከበረታ 180 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይግላል። እንግዲህ ጥሬ ሥጋ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ፣ በውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ ተንኖ ይወጣል፤ ላዩም ፈጥኖ ይደርቃል፣ ይቀላልም። በአጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋ ግን ገና አልሞቀም። ጠባሹ ቀለሙን አይቶ ሲያወጣው ውስጡ ጥሬ ይሆናል።

የዚህ ጉዳት ቀላል አይደለም። በጥሬ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። ጤነኛ በሚመስል ዶሮ ላይም ይኖራሉ። ወደ ሰው ሆድ ሲገቡ ትኩሳት፣ ቁርጠት፣ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣሉ። ብርቱው ጐልማሳ በጥቂት ቀን ሊሽርለት ይችላል፤ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ሽማግሌዎች ግን ለሕይወታቸው የሚያሠጋ ሕመም ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። እነዚህ ተሐዋስያን የሚሞቱት የሥጋው መካከል 74 ዲግሪ ሲደርስ ነው።

ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የቆየ ልማዳችን ነው። ይህ ደምንና ሽታን ያስወግዳል፤ ተሐዋስያኑን ግን አይገድልም። እንዲያውም ከቧንቧ ሥር ሲታጠብ የሚፈናጠቀው ውሃ በሰላጣው፣ በእንጀራውና በሕፃኑ ጽዋ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ በቤት የታረደው ዶሮ በጥልቅ ሳፋ ውስጥ በዝግታ ይታጠብ፤ በአጠገቡ ሌላ ምግብ አይኑር። ከዚያም ሳፋው፣ ቢላዋው፣ መክተፊያውና እጅ በሳሙና ይታጠቡ።

ለደጋችን የምንመክረው ዘዴ ዶሮውን ቀቅሎ መጥበስ ነው። የሐበሻ ዶሮ ጠንካራ ስለ ሆነ፣ ቄብ ወይም ጎረምሳ አውራ ዶሮ ይመረጥ። ለጥብስ ቆዳው አይገፈፍም፤ ላባው በፈላ ውሃ ተነክሮ ይነጫል፣ የቀረውም በነበልባል ይለበለባል። ብልቶቹ ተከድነው በጨው ውሃ ለ40 ደቂቃ ያህል ይቀቀሉ፤ ያረጀ ዶሮ ከሆነ እስኪለሰልስ ድረስ ከዚያ በላይ ይቆይ። ውሃችን በ91 ዲግሪ ቢፈላም ከሚያስፈልገው 74 ዲግሪ ይበልጣል፤ የሚጠይቀን ትዕግሥት ብቻ ነው። የበሰለው ሥጋ በንጹሕ ሳሕን ላይ ይጠንፈፍ። ጥሬው በነበረበት ዕቃ መመለስ የደከሙበትን ሁሉ ማፍረስ ነው።

ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላል፣ ግማሽ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና አንድ ማንኪያ ጨው ተወቅጦ ይታሽበት፤ ለ20 ደቂቃም ይቆይ። 150 ግራም የሩዝ ዱቄት በውሃ ቀጠን ተደርጎ ይበጥበጥና ብልቶቹ ይነከሩበት። ዘይቱ ቁራጭ ሽንኩርት ሲጣልበት ወዲያው የሚንጫጫ ይሁን፤ የሚጨስ ግን አይሁን። ብዙ ብልት በአንድ ጊዜ ቢገባ ዘይቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ለ5 ወይም ለ6 ደቂቃ ይጠበስ። በመጨረሻ በቀጭኑ የተከተፈው የሐበሻ ሽንኩርት በለዘብታ ተጠብሶ ይነስነስበት። ዘይቱ እሳት ቢይዝ ክዳን ይከደንበት እንጂ ውሃ አይደፋበት፤ ሕፃናትም ከምድጃው ይራቁ።

ጥሬውን በቀጥታ መጥበስ የሚፈልግ ሰው ብልቱን ያሳንስ፣ እሳቱን ያለዝብ፣ ጊዜውንም ያስረዝም። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው በወፍራሙ ሥጋ ውስጥ፣ አጥንቱን ሳያስነካ፣ 74 ዲግሪ መድረሱን ይመልከት። የሌለው ወፍራሙን ብልት እስከ አጥንቱ ሰንጥቆ ይይ፤ ሥጋው ቀላ ያለ ወይም የሚያዳልጥ ከሆነ ይመለስ።

የተረፈውም ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ በጠረጴዛ ላይ አይደር። «የእኛ አገር ብርድ ነው፤ አይበላሽም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ምድጃ የነደደበት ቤት የጉና ቁር ያለበት አይደለምና። ማቀዝቀዣ ያለው በዚያ ያኑረው፤ የሌለው በዕለቱ የሚበላውን ያህል ብቻ ይሥራ።

መምህራን ሆይ! የውሃን መፍላትና የአየርን ግፊት ለተማሪዎቻችሁ ስታስተምሩ የዶሮውን ጥብስ ምሳሌ አድርጉላቸው። በክፍል የተማረው ልጅ ማታ በእናቱ ማድቤት ቆሞ «እስከ አጥንቱ ሰንጥቀን እንየው» ቢል፣ ትምህርቱ ለቤተ ሰቡ ጤና ዋለ ማለት ነው።