የደን ካርቦን ካርታና የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ

የደን ጥቅም በማገዶና በጣውላ ብቻ የሚመዘን አይደለም። ዛፍ ሲያድግ ከአየር የሚወስደውን ካርቦን በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ ያከማቻል፤ ተቆርጦ ሲቃጠል ግን ያከማቸው ካርቦን ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል። ከዛፍ ደረቅ ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ አንድ ቶን ካርቦን ሲቃጠል ወደ 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በመሆኑም እያንዳንዱ ደን የያዘውን የካርቦን መጠን ማወቅ ቅድሚያ ጥበቃ የሚያሻውን ለመለየት ይረዳል።

ጉዳዩ ለሰፈራ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ በበረታበት ወቅት በተጀመረው ሰፈራ 600,000 ያህል ሰዎች፣ ብዙዎቹም ያለፈቃዳቸው፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በአመዛኙ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስደዋል። በአያሌ የሰፈራ ጣቢያዎችም ለእርሻና ለጎጆ መሥሪያ ሲባል ደን ተመንጥሯል። የሰፈራ ቦታ ሲመረጥ የሚጠየቀው የአፈሩ ለምነትና የውሃው መኖር ብቻ ከሆነ ደኑ እንደ ባዶ መሬት ይቆጠራል።

ልኬቱ የሚጀመረው ከምድር ነው። ባለሙያዎች በተመረጡ የናሙና ቦታዎች የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካሉ፤ ቁመቱንና ዓይነቱንም ይመዘግባሉ። ዓይነቱ የሚመዘገበው፣ ቀረሮና ዋንዛ በውፍረት እኩል ቢሆኑ እንኳ የእንጨታቸው ክብደት ስለሚለያይ ነው። ከዚህ በስሌት የዛፉ ደረቅ ክብደትና ካርቦኑ ይገኛል።

ደኑን በሙሉ በዚህ መንገድ መለካት ስለማይቻል የተቀረው ሥራ ለሳተላይት ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጀመሪያው ላንድሳት ከመጠቀ ወዲህ የተነሡት ምስሎች ደን የትና መቼ እንደተመነጠረ ያሳያሉ። ሆኖም እነዚህ ምስሎች የሚይዙት የላይኛውን ቅጠል በመሆኑ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ የግንድን ውፍረት አይገልጡም። ይህን ጉድለት ለማሟላት እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላከው ጌዲ የተባለው መሣሪያ በሌዘር ጨረር የዛፎችን ቁመት ለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጠቀችው የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሳተላይት ባዮማስ ደግሞ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚረዝም የራዳር ሞገድ ደመናንና ቅጠልን አልፋ ግንድንና ትልልቅ ቅርንጫፎችን ትቃኛለች። የናሙናው ውጤትና የሳተላይቱ መረጃ ሲዛመዱ ካርታው ይዘጋጃል።

ካርታው ግን ሁሉን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ በተመዘገበው በከፋ፣ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ለቡናው ሲባል ከሥር ያለው ችግኝ እየተመነጠረ ሲሄድ ደኑ ከላይ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካ አይኖርም። ይህን የሚያረጋግጠው ምድር ላይ የሚደረግ ቁጥጥርና የነዋሪው ዕውቀት ነው።

ካርታው በማን ይዞታ ማን ማር እንደሚቆርጥና ቡና እንደሚለቅም አያመለክትም። ካርቦን የበዛበት ሥፍራ ሁሉ ነዋሪው ሳይጠየቅ ቢከለል፣ በድርቅ ምክንያት አንድ ጊዜ ከቀዬው የተነሣ ቤተሰብ አሁን ደግሞ በጥበቃ ስም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የካርቦን ካርታና የይዞታ ካርታ ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ ወሰኑ ከነዋሪው ጋር ተመክሮበት ሊሠመር ይገባል። ደኑን ዕለት በዕለት የሚጠብቀው በውስጡና በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ነውና።