በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትና ለማኅበር የሚያስከትለው ኪሣራ

በቤት ውስጥ በሴት ላይ የሚደርሰው ድብደባ በልማድ የሚቈጠረው እንደ ገመና ነው። ገመና ደግሞ ከደጃፍ እንዳይወጣ የሚጠበቅ በመኾኑ፣ ጕዳቱን ሴቲቱ ብቻዋን የምትሸከመው ይመስላል። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለው ተረትም ይህንኑ አስተሳሰብ ያጸናል። ጥናት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የዐሥር አገሮች ጥናት ኢትዮጵያን የወከለችው ቡታጅራ ነበረች። በዚያ የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 ከመቶው በዘመናቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከባላቸው እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን የሚመታበት ተገቢ ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 ከመቶ፣ ወንዶች ግን 28 ከመቶ ኾነው ተገኙ። ስለዚህ ልማዱ የቆመው በሚመታው ክንድ ብቻ ሳይኾን በምትመታዋም ኅሊና ላይ ነው።

ኪሣራው ከቤት ያልፋል። በዚያው በቡታጅራ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ ጥቃት ከእናት የመንፈስ ጭንቀት ጋር ሲጣመር ሕፃናት የመሞታቸው አደጋ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። የዓለም ባንክም በአንዳንድ አገሮች ጉዳቱ ከጠቅላላው የአገር ምርት እስከ 3.7 ከመቶ እንደሚደርስ ገምቷል።

ሕጉም ከልማዱ ጋር የተጓዘበት ዘመን ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ቢያገባ ከክስ ያድነው ነበር። ይህን የሻረው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

ጦርነት ገመናውን ያከብደዋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተደረገው ጦርነት የወሲብ ጥቃት መፈጸሙን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጋራ ባወጡት ዘገባ አረጋግጠዋል። የኤች አይ ቪን መተላለፍ የሚከላከለው መድኀኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረዳም። ኾኖም ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ መቀሌ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደረገው የመንገደኞች በረራ ተቋርጦ፣ የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። መንገድ ሲዘጋና መድኀኒት ሲጠፋ፣ ዕፍረትን አሸንፋ ወደ ሐኪም ቤት የመጣችውም ሴት በባዶ እጅ ተመለሰች።

እንግዲህ የጥቃት ዋጋ በሐኪም ቤትና በፍርድ ቤት መዝገብ ብቻ ቢቈጠር ጎዶሎ ይኾናል። ከመዝገብ ውጭ የቀረውን ለማወቅ፣ ገመና እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሽማግሎችም ሲያስታርቁ የሴቲቱን ቃል ይሰሙ እንደ ኾነ መመርመር ያስፈልጋል።