ደም ታየ ማለት እንቁላል ወጣ ማለት አይደለም

«ደም እያየሁ ስለሆነ እርጉዝ አይደለሁም፤ እንቁላሌም በሰዓቱ እየወጣ ነው።» ይህን ታካሚ ብትለው አይገርምም። ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ ሲደግመው ግን ዝም ማለት ይከብዳል።

1ኛ. እንቁላል ከወጣ በኋላ የወጣበት ከረጢት ፕሮጄስትሮን ያመነጫል። ሆርሞኑ በኢስትሮጅን የወፈረውን የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ያረጋጋዋል። እርግዝና ከሌለ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ መጠኑ ይወርድና ሽፋኑ ባንዴ ይረግፋል። ቀኑን ጠብቆ የሚመጣው ፔሬድ ይኸው ነው።

2ኛ. እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮኑም የለም። ኢስትሮጅን ብቻውን ያወፈረው ሽፋን የሚያረጋጋው አጥቶ እዚህም እዚያም እየተሸረፈ ይደማል። ስለዚህ ሁለት ወር ጠፍቶ መጥቶ ሦስት ሳምንት የሚፈስ ደም ብዙውን ጊዜ የሚነግረን እንቁላል አለመውጣቱን ነው። የወር አበባ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ማረጥ ሲቃረብ፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም (ፒሲኦኤስ) የሚባለው የሆርሞን መዛባት፣ የታይሮይድ ወይም የፕሮላክቲን ሆርሞን ችግር ሲኖር ይህ ያጋጥማል። «በወሩ አጋማሽ እንቁላል ሲወጣ የሚደሙስ?» ትሉ ይሆናል። አሉ፤ ግን ያ ጠብታ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ፓድ የሚያርስና ሳምንታት የሚቆይ ደም በዚህ አይመካኝም።

3ኛ... ቁጥሩን ልተወው፤ ዋናው ንዴቴ እዚህ ነው። የተዛባ ደም ያላት ሴት ስትመጣ «ሆርሞንሽ ተዛብቷል» ተብላ ፕሮጄስትሮንን የሚተካው ክኒን ኖሬቲስቴሮን ይሰጣታል፤ የሽንት የእርግዝና ምርመራ እንኳ ሳይደረግላት! ዓለም አቀፉ የማህፀንና ፅንስ ሕክምና ፌዴሬሽን (ፊጎ) እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ምደባ የተዛባ ደም መንስኤዎች ዘጠኝ ክፍሎች አሏቸው። ፖሊፕ፣ ማዮማ፣ ካንሰር፣ የደም መርጋት ችግርና የምንሰጣቸው መድኃኒቶች ራሳቸው በውስጡ አሉ፤ የእንቁላል አለመውጣት ከዘጠኙ አንዱ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ እርግዝና መኖር አለመኖሩ መታወቅ አለበት። ከማህፀን ውጪ ያረገዘች ሴትም ትደማለች፤ የማህፀን ቱቦዋ ከፈነዳ ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። «መድኃኒቱ ደሙን አቆመው እኮ» የሚለው መከራከሪያም ውኃ አያነሳም። ክኒኑ የጠፋውን ፕሮጄስትሮን ተክቶ ሽፋኑን ያረጋጋል፤ ሲቆም ደም ይመለሳል፤ እንቁላሉ ያልወጣበት ምክንያት ግን ባለበት ይቆያል። ለዓመታት ፕሮጄስትሮን ያልነካው ሽፋን እየወፈረ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። «ወረፋው ብዙ ነው፣ ላብራቶሪው ሩቅ ነው» የሚለውንም አልቀበልም፤ የሽንት ምርመራ ርካሽ ነው፣ ውጤቱም በደቂቃዎች ይደርሳል። የጤና ተቋሞቻችን ግን የሕክምና መመሪያውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሥልጠናውን በአበል ይዘጋሉ።

እህቶች፣ ደማችሁ ከ24 ቀን ባነሰ ወይም ከ38 ቀን በላይ በሆነ ልዩነት ከመጣ፣ ከስምንት ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ካረጣችሁ በኋላ ከታየ ታከሙ። ዕድሜያችሁ 45 ከሞላ የማህፀን ሽፋን ናሙና ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ክኒን የሚሰጣችሁን ሰው ደግሞ መጀመሪያ «የእርግዝና ምርመራዬስ?» በሉት።