የጦር ሜዳ ሐኪም ሣጥን

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። አንዱ ቴምብር፣ ሌላው የጥንት ገንዘብ ያጠራቅማል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የወታደር ሐኪም መጋዝና ካራ የሚሰበስብም አለ ብንል ግን፣ አንባቢያችን ፊቱን ሳያጨፈግግ አይቀርም። እኛም መጀመሪያ ስንሰማ እንዲሁ ሆነን ነበር።

ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ሣጥኖች መካከል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሐኪሞች የያዟቸው ይገኙባቸዋል። ከሠሪዎቹ አንዱ በኒው ዮርክ የነበረው የቲማን ኩባንያ ነው። ሣጥኑ ከማሆጋኒ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ተሠርቶ በናስ ይጠናከራል፤ ውስጡ ከፋይ ይለብሳል፤ ለየመሣሪያውም ልኩ የሆነ ማረፊያ አለው። ለሥጋው ረጅም ካራ፣ ለአጥንቱ መጋዝ፣ ለስብርባሪው ጉጠት፣ ደም ለማቆም በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ተደርድረው ይታያሉ።

መጋዙን እንዲህ ሥራ ያበዛበት የዘመኑ ጥይት ነው። ሚኒየ የተባለው ለስላሳ የእርሳስ ጥይት አጥንት ሲመታ ያደቅቀዋል፤ ሐኪሙም ነፍስ ለማትረፍ እግሩን ወይም እጁን ይቆርጣል። ክሎሮፎርምና ኤተር በዚያን ጊዜ ይታወቁ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሳይሆን አብዛኛው ቁስለኛ ተኝቶ ነበር የሚቆረጠው።

ያልታወቀው ጀርም ነበር። ሐኪሙ መጋዙን በጨርቅ ጠርጎ ወደሚቀጥለው ቁስለኛ ያልፋል፤ ከጥይት የተረፈውም ቁስሉ መግል ይዞ ይሞታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከዚህ ስለሚጠብቅ መድኃኒት ጽሑፉን ያወጣው በ1867 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ከ2 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዐዋቂ ሰብሳቢ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ከስለቱ ይልቅ እጀታውን ይመረምራል። እጀታው ከዞጲ እንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ዘመን ሥራ ነው። በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ መሣሪያን በፈላ ውሃና በእንፋሎት ማጽዳት ሲስፋፋ፣ እንጨቱና ጥርሱ ሙቀቱን የማይችሉ ስለ ሆኑ መሣሪያው ሁለንተናው ብረት ሆነ። እንግዲህ ዛሬ ገዢ የሚሻማበት ያ ጌጠኛ እጀታና ያ ያማረ ከፋይ፣ ጀርሙ ይደበቅባቸው የነበሩ ቦታዎች ናቸው። ይህን ሳያውቅ መሣሪያውን አዲስ ለማስመሰል በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግ ሰው፣ የሠሪውን ስም ከነታሪኩ ይፍቃል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ጄኔራል ዳንኤል ሲክልስ በ1863 በጌቲስበርግ ጦር ሜዳ ቀኝ እግሩን አጣ። የተቆረጠውን አጥንት በዋሽንግተን በ1862 ለተቋቋመው የጦር ሠራዊት የሕክምና ቤተ መዘክር ላከው፤ ኋላም እየሄደ ይጎበኘው እንደ ነበር ይነገራል። አጥንቱ ዛሬ ቤተ መዘክሩ በተዛወረበት በሜሪላንድ ይገኛል። ሣጥኑን የሚሰበስብ ሰውም መጋዙን ባነሣ ቁጥር ያን አጥንት ቢያስታውስ፣ የያዘው ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል።